አባባ በፍራሹ መስኮት

መስከረም 18

ይድረስ ርቆ ለሚኖረው ታላቄ፣ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ብርዱ አጥንትህን አይንካው፣ እጅህ ከሥራ አይለይ ብለው አባባ መርቀውሃል። በአፋቸው እንዳይመስልህ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፣ እኔ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። እኛ ደህና ነን።

ስልክ የተውነው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ድምፅህን ሲሰሙ ሊመልሱልህ ይታገላሉ፣ አንደበታቸው እምቢ ይላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መርፌ አይዙም። ደብዳቤ ሲነበብላቸው ግን ተረጋግተው ይሰማሉ። ስለዚህ እንጻጻፍ።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ሱቁ መስኮት ነው። ባለ ሕንፃው፣ ሰፈሩ ጋሽ ፎቁ የሚለው፣ የምድር ቤቱን ተከራዮች ሰበሰበን። የመንገድ ዳር መስታወቶች በሙሉ ማስታወቂያ የሚያበሩ ይሆናሉ አለ። ቴሌቪዥን የሚሰቀል መስሎን ነበር። አይደለም፣ መስታወቱ ራሱ ነው የሚያበራው፣ ግን እንደ መስታወትነቱ ያሳያል አለን። የተስማማ ይፈርም፣ ያልተስማማ ይልቀቅ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ መስታወት የሚያበራ ከሆነ አምፖሌን ነቅዬ ልሽጠው ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀለትም። ጋሽ ፎቁ አንተ በዚሁ ሥራ ላይ መሆንህን ስለሰማ ከድርጅታችሁ መግዛት ይፈልጋል።

አባባ የታመሙት አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ አሁን እንዴት እንደሚሠሩ አላየህም። የሚሠሩት በመስታወቱ በኩል ነው። መንገደኛው የተቀደደ ሱሪውን ከውጭ ሆኖ ያነሳላቸዋል። እሳቸው ከማሽናቸው ቀና ብለው ያዩታል። አንድ ጣት ካነሱ፣ ይጠገናል፣ ነገ ይዘህ ና ማለት ነው። ሁለት ጣት እንደ መቀስ ካንቀሳቀሱ፣ ማጠር አለበት። መዳፋቸውን ከዘረጉ፣ አይጠገንም፣ አትልፋ። ሰፈሩ ለምዶታል። የሚያሠራው የሌለው ሰው እንኳ ቆሞ ኮሌታውን ያሳያቸውና ተሳስቀው ይለያያሉ።

ሐኪሙ፣ ሥራ ካቆሙ ይተኛሉ፣ ከተኙ አይነሱም ብሎኛል። የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው። ያ መስታወት በእውነት ያሳያል? ያሳያል ካልክ እፈርማለሁ። አያሳይም ካልክ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ፣ ባይገኝም እፈልጋለሁ።

ታናሽህ

ጥቅምት 24

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከአባባ እግር ይጀምርና አንቺ ዘንድ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ ከመሰላል ነው።

ዛሬ የዋልኩት አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው። ሥራው ሲወራ እንደሚያስፈራው አይደለም። ስስ ላስቲክ ነው፣ በውስጡ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦና ከሰሊጥ ያነሱ መብራቶች አሉት። መስታወቱን ከውስጥ በኩል አጥበን፣ ውሃ ረጭተን፣ አረፋ እንዳይቋጥር በጎማ እየገፋን እንለጥፈዋለን። መብራቱ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞራል። ከውስጥ ስታይው እንደ ስስ መጋረጃ ነው፣ ሲቆይ መኖሩንም ትረሺዋለሽ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ሥራዋን እየሠራች አላፊ አግዳሚውን ታያለች።

ስለዚህ አባባ መንገዱን እንደ ልባቸው ያያሉ። ፈርሚ።

ለአለቃዬ ስለ ሕንፃው ነገርኩት። እስከዛሬ መሰላሉ እያለ ነበር የሚጠራኝ፣ ደንበኛ ሳመጣለት በስሜ ጠራኝ። መስኮቶቹ ላይ የሚታየው ሥዕል ከዚህ ከቢሯችን ነው የሚላከው፣ አገሩ የትም ይሁን። ወደዚያ ክፍል ሊያዛውረኝ አስቧል። ለጉልበቴ ጥሩ ነው።

ስለ መምጣቴ አልጠየቅሽኝም። ደህና አደረግሽ።

ወንድምሽ

ኅዳር 27

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤና ይብዛልህ። ጉልበትህን በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያዘው ብለው አባባ በምልክት አሳይተውኛል፣ ወይም እኔ እንደዚያ ተረድቻቸዋለሁ።

ሠራተኞቹ መጥተው ለጠፉት። ንጹሕ ሥራ ነው፣ አንድም አረፋ የለውም። ለእኛ መስኮት የደረሰው የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ፍራሽ፣ በላዩ የተኛች ሴት። አልፎ አልፎ ትገላበጣለች። ለፀጉር አስተካካዩ የጥርስ ሳሙና ደረሰው። አባትሽ አልጋ ሳይኖራቸው ፍራሽ አገኙ፣ እኔም ጥርሴ ካለቀ በኋላ ሳሙና መጣልኝ ይላል።

ያልከው ልክ ነው፣ ከውስጥ መንገዱ ይታያል። ከመንገዱ ግን እኛ አንታይም። ወጥቼ ቆሜ አየሁት። አፍንጫዬን አስጠግቼ እንኳ የሚታየኝ ትራስ ነው።

አባባ መጀመሪያ አልገባቸውም። የሚያልፈውን ያያሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሰውየው ፍራሹን አይቶ ያልፋል። የዳቦ ቤቷን ሴት አታውቃትም፣ የልጆቿን ሱሪ ጉልበት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚጠቅሙላት። እሷ እንደ ልማዷ ሱሪውን መስታወቱ ላይ ዘርግታ ቆመች። አባባ አንድ ጣት አነሱላት። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ሱሪውን አጥፋ ሄደች። ሱቁ የተዘጋ መስሏታል። አባባ ጣታቸውን አላወረዱም። በኋላ እኔ አወረድኩላቸው።

በራችን በሕንፃው መተላለፊያ በኩል ስለሆነ በአጋጣሚ የሚገባ የለም። አለን ብዬ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ።

የጠየቅኩህ ያሳያል ወይ ብዬ ነበር። አንተ የውስጡን ነገርከኝ። የውጩን ታውቅ ነበር?

ታናሽህ

ጥር 14

ይድረስ ለእታለም፣

ዘገየሁ። እንደምን አላችሁ? ወደ ቢሮ ተዛውሬ ሥራውን እስክለምድ ነው። አሁን የምውለው ተቀምጬ ነው። መቀመጥም ያደክማል።

እዚህ ስገባ የተማርኩትን ልንገርሽ። ይህ መስታወት ጥቁር ቀለም የለውም። በሥዕሉ ላይ ጥቁር የሆነው ቦታ መብራቱ ጠፍቶ ይቀራል፣ መብራቱ የጠፋበት ቦታ ደግሞ ያው መስታወት ነው። ፍራሹ ላይ አንድ ቦታ ጥቁር ካደረግሁ በዚያ በኩል ከውጭ ወደ ውስጥ ይታያል። አባባ በተቀመጡበት ልክ ልከፍተው እችላለሁ።

የደንበኛ ሥዕል መንካት ከሥራ ያስባርራል። ከጠየቁኝ የመብራት ብልሽት ነው እላለሁ፣ ለጊዜው ይዋጥላቸዋል። አንቺም ለጋሽ ፎቁ ምንም አታውሪ። ዝም አይነቅዝም።

አባባን ለክተሽ ላኪልኝ። ተቀምጠው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እጃቸውን ሲያነሱ ጭምር። መስኮቱ ላይ በየትኛው በኩል እንደሚውሉም ጻፊልኝ።

ሌላውን ጥያቄሽን ስንገናኝ እናወራዋለን።

ወንድምሽ

ጥር 30

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ወንበርህ ይመችህ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ።

እንደ ኮት ለካኋቸው፣ ሌላ አለካክ አላውቅም። ሜትሩን ሳወጣ አዲስ ልብስ የሚሰፋላቸው መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲለኩ ኖረው ራሳቸው ሲለኩ ግን አርፈው መቀመጥ አይችሉም፣ ትከሻቸውን እኔ ስይዝ እጅጌውን በዓይናቸው ያርሙኛል። ቁጥሩ ከዚህ ጋር አለ። ማሽናቸው ያለው በመስኮቱ ቀኝ በኩል ነው። የሚያነሷት ቀኝ እጃቸው ስለሆነች ለእሷ ሰፋ አድርገህ ተው።

ትከሻቸው ከዱሮው ኮታቸው ልክ ጠቧል። ይህ ለሥራህ አያስፈልግህም።

ጨርቅ የሚያመጣ የለም። አባባ የራሳቸውን ሱሪ ጠርዝ ይፈቱና መልሰው ይሰፉታል። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ መተኛት ጀምረዋል። ቶሎ በል።

ታናሽህ

የካቲት 22

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን። ከፈትኩት። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከእናንተ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ ካሜራ ተተክሏል፣ የተበላሸ መብራት ካለ ከዚህ እንድናይ። ሱቅ ሲከፈት አካባቢ አንድ ፎቶ ይመጣልኛል። በከፈትኩት ቦታ የሚታየኝ የተሰቀለ ግራጫ ካፖርት ነው። መጀመሪያ ቀን አባባ ለጉዳይ ተነስተው ነው አልኩ። በማግስቱም ካፖርቱ ነው። ከዚያም ወዲህ ካፖርቱ ነው።

የሆነ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።

ወንድምሽ

መጋቢት 5

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

አባባ የትም አልሄዱም። ማሽናቸው ላይ ናቸው፣ ጤናቸውም ያው ነው።

እኔ ውስጥ ቆሜ ቀኝ አልኩህ፣ አንተ ውጭ ቆመህ ቀኝ አደረግኸው። የልብስ ሰፊ ልጆች ሆነን ላዩንና ገበሩን አምታታን። የከፈትከው ባለቤቱ ረስቶት የኖረውን ካፖርት ነው። ሰውየው በመንገድ ሲያልፍ ካፖርቱ ፍራሽ ውስጥ ተሰቅሎ አየው፣ ገብቶ ወሰደው። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ጠቅመሃል።

ወደ ሌላኛው ጎን አዙረው።

ካሜራውን ባለመናገርህ አልተቀየምኩም። ከማዶ ሆነህ ስታየን ከርመሃል ማለት ነው። መስኮቱን ያጸዳሁት ሁለቴ ብቻ ነው፣ ይህንንም አይተኸዋል።

ታናሽህ

መጋቢት 16

ይድረስ ለእታለም፣

አዞርኩት። ዛሬ አየኋቸው።

ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ አልጻፍሽልኝም። የሱሪ እግር ይዘው ወደ መንገዱ እያዩ ነበር። ከጎናቸው ፍራሹ ላይ የተኛችው ሴትዮ እግር ይታያል።

ፎቶውን ገልብጦ መያዝ አይፈቀድም፣ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ማለዳ እገባለሁ። አለቃዬ ትጋት መስሎታል።

እጃቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 26

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ለማለዳ መነሳትህ ብርታት ይስጥህ። እጃቸውን ስሜልሃለሁ። ለምን እንደሳምኳቸው በዓይናቸው ሲጠይቁኝ፣ ወንድም ጋሼ በማዶው ካሜራ ያይዎታል ብዬ ነገርኳቸው። ማዶውን ብዙ አዩ። በማግስቱ ሱቁን ስከፍት ተቀምጠው አንድ ጣታቸውን ወደዚያ ሕንፃ አነሱ። ፎቶው መቼ እንደሚነሳ ስለማያውቁ ረፋዱን ሙሉ አነሱት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ደግሜ አልጽፍልህም፣ መጀመሪያ ነግሬሃለሁ።

ለጥቂት ጊዜ እንደ ዱሮው ሆኖልን ነበር። የዳቦ ቤቷ ሴት ሱሪዎቿን አመጣች፣ አንድ ሹፌርም የመቀመጫ ልብስ። ከሰዓት በኋላ መተኛቱን ተዉ።

ከዚያ የፍራሹን ማስታወቂያ የምታሠራው ወይዘሮ መጣች። ሰው መስኮቱ ፊት ሲቆም አይታ ደስ ብሏት ነው። ብልሽቱን እንዲያስተካክሉ አልጠየቀችም፣ ወደደችው። አሁን ከአባባ ራስ በላይ እንዲህ የሚል ያበራል፦ «እኚህ ሰው አልተኙም። እርስዎ ይተኙ።» ጋሽ ፎቁ ፈርሞላታል። እኔን ማን ይጠይቀኛል።

ሰዉ ይቆማል፣ ከዱሮው ይበልጣል። ጨርቅ ይዞ አይደለም፣ ስልክ ይዞ ነው። እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ፣ ይተኙ እንጂ ይላቸዋል። ትናንት ብብቱ የተተረተረ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆመ። አባባ አይተው አንድ ጣት አነሱለት። እሱም አንድ ጣት አነሳላቸው፣ ሳቀ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ። ጃኬቱ እንደተተረተረ ነው። የዳቦ ቤቷ ሴትም አሁን በሩቁ ፈገግ ብላ ነው የምታልፈው።

አባባ እንደገና የራሳቸውን ሱሪ መፍታት ጀምረዋል።

ዝጋው። ፍራሹን መልሰው። ሳይታዩ ሱቅ ዘግተዋል ተባሉ፣ ታይተው ደግሞ መጫወቻ ሆኑ። የመጀመሪያው ይሻል ነበር።

ታናሽህ

ሰኔ 3

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላም ላንቺና ለአባባ። ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

መዝጋት አልችልም። ጥቁሩ ቦታ ውሉ ውስጥ ገብቷል። ስከፍተው ከታወቀብኝ ይባርሩኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ብዘጋው ይባርሩኛል። የደንበኛ ሥዕል ነው።

ሐሳቡ የእኔ መሆኑ ታውቋል። አለቃዬ በስብሰባ ላይ አነሳኝ፣ ሰዎቹ አጨበጨቡ። በሌሎች ከተሞችም መስኮት ውስጥ ሰው ማስቀመጥ ይፈልጋሉ፣ ጫማ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ እንዲህ ያለ። ሰውየውን እንዴት ነው የምንለካው ብለው ጠየቁኝ። እንደ ኮት ነው አልኳቸው። ጻፉት።

ጣታቸውን አየዋለሁ። ፎቶው ወደዚህ ይመጣል እንጂ ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ነገር የለውም። አሁን ፈቃድ ብጠይቅ ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞ ይጠብቀኛል። ከመጪው ዓመት በኋላ ምናልባት። ይህን እንደሚመችሽ አድርገሽ አንብቢላቸው።

ወንድምሽ

ሐምሌ 2

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ወንበርህ ይጽናልህ። ደብዳቤህን እንዳለ አነበብኩላቸው፣ አላሳመርኩትም። ሰምተው ሲያበቁ መቀስ አንስተው ክር ቆረጡ።

በሳምንቱ ገደማ ፀጉር አስተካካዩን በእጃቸው ጠሩት። ማሽኑን ያዝልኝ ብለው አመለከቱት። መብራቱን የሚሸሹ መስሎት ወደ ጥግ ሊገፋው ሲል እጁን መቱት። ቦታው እዚያው ነው፣ የፈለጉት ማዞር ነው። አዞሩት፣ ወንበሩንም አዞሩ፣ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ተቀመጡ። «አባቴ፣ ከፍራሹ ጋር ተኳረፉ እንዴ?» አላቸው። አልሳቁለትም፣ ክር እያስገቡ ነበር።

ወይዘሮዋ በማግስቱ ከጋሽ ፎቁ ጋር መጣች። እንዲዞሩ ለመነቻቸው። መዳፋቸውን ዘረጉላት። ምን ማለታቸው ነው አለችኝ። አይጠገንም ማለታቸው ነው አልኳት። ጋሽ ፎቁ ውሉን አንብቦ ሰውየው መስኮቱ ዘንድ ተቀምጦ ይሠራል ይላል አለ። ተቀምጠው እየሠሩ ነው አልኩት። ውሉ ሲታደስ እናስተካክለዋለን ብሎ ወጣ። ሲታደስ ያስወጣን ይሆናል። ቤት እየፈለግሁ ነው።

ጽሑፉ አሁንም ያበራል፣ ግን ከሥሩ የሚቆም ጠፋ። ጀርባ ለፎቶ አይሆንም። የዳቦ ቤቷ ሴት በመተላለፊያው ዞራ፣ ወረቀቴን አንብባ ገባች። ሱሪ ይዛ ነበር። ለምን ጠፋሽ አልኳት።

«ፊታቸውን ሳይ ማስታወቂያ እየመሰሉኝ» አለች። «ጀርባቸውን ሳይ ሰው መሆናቸው ትዝ አለኝ።»

አባባ የሱሪውን ጉልበት ገልብጠው አዩት፣ አንድ ጣት አነሱላት። ከእሷ በኋላ ሌሎችም ገብተዋል፣ ብዙ አይደሉም። በበሩ ገብተው ፊታቸው ቆመው ያሳያሉ። ብርሃኑም በትከሻቸው በኩል ጨርቁ ላይ ስለሚወድቅላቸው መርፌው ይታያቸዋል። ከሰዓት በኋላ አይተኙም።

የሚነሳው ጣት ለደንበኛ ብቻ ሆኗል። ማዶውን አያዩም። ፎቶው ከእንግዲህ ጀርባቸውን ብቻ እንደሚያሳይህ ነገርኳቸው፣ ሳያውቁት እንዳይሆን ብዬ። ቀና አሉ፣ ሰው ሁሉ የሚገባበትን በር በመቀሳቸው ጫፍ አሳዩኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ታናሽህ